የውርስ ሕግ በአራራይ

በአርባ ሦስት ዓመቴ የሕግ ተማሪ ነበርሁ። ይህን ስናገር የሚስቅ አለ። ይሳቅ፤ እኔም እስቃለሁ።

የምሠራው መካነ ኢየሱስ ከተማ፣ በፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። ሰው የሚያመጣውን አቤቱታ ተቀብዬ ቁጥር እሰጠዋለሁ፣ ፋይል እከፍትለታለሁ፣ ቀጠሮውን እነግረዋለሁ። ብዙ ዓመት እንዲህ ስሠራ ኖሬ አንድ ቀን አንዲት የገጠር ሴት ውሳኔ ይዛ መጣች።

"እህቴ፣ ይኼ ወረቀት ምን ይላል?"

አነበብሁላት።

"ማንበቡንስ ልጄም ያነብልኛል። ምን ማለቱ ነው?"

አላወቅሁም። ወረቀቷን አጥፋ ሄደች። በዚያው ዓመት ተመዘገብሁ።

ትምህርቱ ደብረ ታቦር ነው፤ ቅዳሜና እሑድ። የእሑዱ ክፍል የሚጀምረው በጠዋት ነው፤ እኔ ደግሞ ሳላስቀድስ እሑድን ውዬ አላውቅም። መምህሩ መጀመሪያ ያኮርፍ ነበር። በኋላ ግን ስገባ ሰዓቱን አይቶ፣ "ቅዳሴ ወጣ ማለት ነው" እያለ ያስቀምጠኝ ጀመር። መንገድ ተዘግቶ የቀረሁበት ጊዜ ነበር፤ ኔትወርክ ጠፍቶ ማስታወሻ ያላገኘሁበት ጊዜ ነበር። ሁሉንም ያሳለፈ እግዚአብሔር ይመስገን።

ቤት ውስጥ ሕግ ከእኔ በፊት ወደ ልጄ ገባ። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ናት። ማስታወሻዬን አንሥታ ታነብና በማግሥቱ በእኔው ላይ ታውለዋለች። ባለፈው ሳምንት ያላጠበችውን ሳህን ሳነሣባት፣ "እማዬ፣ እሱ እኮ ጊዜው አልፎ በይርጋ ታግዷል" ትላለች። የት ነበርሽ ስላት፣ "ዝም የማለት መብት አለኝ" ትላለች። ባለቤቴ የሒሳብ መምህር ነው፤ ነገር አያበዛም። ጠባችን ሲበረታ ብቻ ደብተሩን ዘግቶ ይነሣና፣ "ክቡር ፍርድ ቤት፣ እራት መቼ ነው?" ይላል። ችሎቱ በዚያ ይበተናል።

የመጨረሻው ዓመት ላይ የመውጫ ፈተና መጣ። እሱን ያላለፈ ዲግሪ አያገኝም። ፈተናው በኮምፒዩተር ነው፤ በእንግሊዝኛ ነው። አለቃዬ ካለፍሁ ነፃ የሕግ ምክር ወደሚሰጥበት ክፍል እንደሚያዛውሩኝ ነግረውኝ ነበር። ያችን ወረቀት ይዛ የመጣችውን ሴት የመሰለች ሁሉ የምትመጣው እዚያ ነው። ካላለፍሁ እዚያው መስኮቴ ላይ ቁጥር ስሰጥ እኖራለሁ። ይህም እንጀራ ነው፤ አላማርርም። ግን መልስ የማላውቅለትን ጥያቄ ዕድሜ ልክ መስማት ከበደኝ።

ችግሬ በቃል መያዝ ነበር። በዚህ ዕድሜ አንቀጽ አይያዝም። ጠዋት ያነበብሁት ከሰዓት ይጠፋል። ወጣቶቹ ሁለቴ አይተው የሚሉትን እኔ ሃያ ጊዜ አይቼም አልለውም።

አንድ ጠዋት ምስር እየለቀምሁ ስለ ውርስ የሚናገረውን ክፍል ለራሴ እደጋግም ነበር። ሰው በሞተ ጊዜ ውርሱ የሚከፈተው ዋና መኖሪያው በነበረበት ስፍራ ነው። ሳላስበው አፌ በዜማ አለው። በአራራይ።

ያደግሁት ቤተ ልሔም በምትባል የዜማ ትምህርት አገር ነው። አባቴ የዜማ መምህር ናቸው። ከአጥራችን ሥር ደቀ መዛሙርቱ ቀን ከሌት ያዜማሉ፤ እኔ ውኃ ስቀዳም፣ ስፈጭም፣ ስጋግርም እሰማ ነበር። ሴት ልጅ ከጉባኤው አትቀመጥም፤ ጆሮዋን ግን የከለከላት የለም። ሦስቱን የቤተ ክርስቲያን ዜማ፣ ግዕዙን፣ ዕዝሉን፣ አራራዩን ለይቼ ነው ያደግሁት። አንድም ቀን ግን አፌን ከፍቼ ብዬው አላውቅም ነበር። ያን ጠዋት ወጣ።

ከሰዓት ውርሱን ሞከርሁት። አለ። በማግሥቱም አለ። ከዚያ ወዲያ ሌላውንም ጨመርሁ። ውርስ በአራራይ፣ ውል በግዕዝ። ልጄ አንድ ቀን ሳዜም ያዘችኝና መሬት ላይ ተቀምጣ ሳቀች።

"እማዬ፣ ስልክሽ ላይ ቅጂው! ስትሠሪ እየሰማሽ ትሠሪያለሽ።"

ማዳመጫዋን ሰጠችኝ። ገበያ ስሄድ ሕጉን በጆሮዬ ይዤ እሄድ ጀመር። አንዲት ጎረቤቴ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ አይታ፣ "እንዳንቺ ጸሎተኛ ባደረገኝ" አለችኝ። የምሰማው ይርጋን ነበር። አልነገርኋትም። እሱን ለንስሐ አባቴ ነው የነገርሁት።

ፈተናው ሦስት ሳምንት ሲቀረው የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ወደ አባቴ ሄድሁ። መኪና እስከሚደርስበት በመኪና፣ የቀረውን በእግር። ግንቦት ነበር፤ መሬቱ ታርሶ ዝናብ ይጠብቃል። እናቴ ካረፈች ወዲህ አባቴን የሚያገለግሏቸው ደቀ መዛሙርቱ ናቸው። ዐይናቸው ደክሟል። ሰው የሚለዩት በድምፁ ነው። ጆሯቸው ግን እንደ ድሮው ነው፤ ከጎጆው ሃያ ልጅ ባንድነት ሲያዜም የአንዱን ስሕተት ከቤታቸው ሆነው ይሰማሉ።

ልባርክሽ አሉኝ። ለምን እንደመጣሁ ነገርኋቸው። እንዴት እንደማጠና ግን አልነገርኋቸውም። ለማታለል አይደለም፤ ፈርቼ ነው።

በሦስተኛው ቀን እሳቸው ቤተ ክርስቲያን ነበሩ። እኔ ግቢ ውስጥ ምስር እለቅማለሁ። ሰው የለም ብዬ ማዳመጫውን ነቅዬ ስልኩን መደቡ ላይ አስቀመጥሁት። ስልኩ ውርስን ያዜማል። ሰፌዱን አራግፌ ቀና ስል አባቴ አጥሩ በር ላይ ቆመዋል። እንደ ማኅሌት ጊዜ መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ቆመዋል። ፀሐዩ አናታቸው ላይ ነው።

"አባዬ፣ ምነው? ይግቡ እንጂ።"

እጃቸውን አነሡ። "ይጨርስ።"

እንደ ደነገጥሁ ቀረሁ። ስልኩ ልጆችን፣ የልጅ ልጆችን፣ ወላጆችን በየተራቸው ጠርቶ ጨረሰ።

"ማነው እሱ?" አሉ።

"ማን?"

"የሚያዜመው ነዋ። ድምፁ ሴት ሴት ይላል። አካሄዱ ግን ደኅና ነው። መነሻው ላይ ቸኮለ እንጂ።"

ቀጥለው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ እንዲህ አሉ፦

"ልጄ፣ የየትኛው በዓል ነው? ከሩቅ ነውና ቃሉ አልለይ አለኝ፤ በዜማው ልፈልገው ብዬ ከዚህ ቆሜ ሳስስ ነበር። ከአንዱም አልገጥም አለኝ። ሳይጠፋብኝ አልቀረም።"

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። አባቴ የዓመቱን ዜማ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን በቃላቸው የያዙ ሰው ናቸው። ዐይናቸው ሲደክም አላዘኑም፤ የያዙት ውስጣቸው ነውና። እዚያ ፀሐይ ላይ የቆሙት እሱ የጠፋባቸው መስሏቸው ነው።

ሰፌዱን ጥዬ እግራቸው ሥር ወደቅሁ።

"አልጠፋብዎትም አባዬ። ሕግ ነው።"

"የምን ሕግ?"

"የፍትሐ ብሔር። የሟች ንብረት ለማን እንደሚደርስ የሚናገረው።"

"በአራራይ?"

"በአራራይ።"

በእጃቸው መደቡን ፈልገው ተቀመጡ። "እንግዲያ አልጠፋብኝም?"

"አልጠፋብዎትም።"

"ተመስገን" አሉ። ሁለቴ አሉት። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር፤ እየሳቁ ነው። ስቀው ስቀው ሲያበቁ ፊታቸው ኮስተር አለ።

"አንቺስ ምን ነካሽ? ዜማው የምስጋና ነው። ወንድምና ወንድም በሟች መሬት ሲካሰሱ ልታዜሚላቸው ነው?"

"ይማሩኝ አባዬ።"

"ይማርሽ። አጥፊው።"

ስልኩን አንሥቼ የቀዳሁትን አጠፋሁት። አንድ በአንድ፣ ሁሉንም።

"ጠፋ?"

"ጠፋ።"

"ወዴት ሄደ?"

ለአባቴ መዋሸት አልችልም። "የተጣለ ነገር የሚቆይበት ቦታ አለው። ሠላሳ ቀን ይቆይና ከዚያ ይጠፋል።"

"ሠላሳ ቀን ምን ሊያደርግ? ይግባኝ ሊጠይቅ ነው?"

ከዚያም ጣልሁት። ይግባኙ ተዘጋ።

በማግሥቱ መጽሐፌን ከፈትሁ። ዘጋሁና ልበለው ብል የለም። ቃሉ በዜማው ተሰቅሎ ኖሮ፣ ዜማውን ሳወርደው አብሮ ወርዷል። በልቤ እንኳ ላዜመው ፈራሁ። በሁለተኛው ቀንም እንዲሁ ሆነ። ከሦስቱ ሳምንት ጥቂት ቀን አልቋል፤ እኔ እጄ ላይ ምንም የለም። የአባቴ ትእዛዝ ልክ ነው፤ እሱን አልጠራጠርም። ግን አምስት ዓመት የተመላለስሁበት በአንድ ከሰዓት እንደሄደ አየሁ። ለማንም አልተናገርሁም። እመቤቴን ብቻ ለመንኋት።

በሦስተኛው ቀን አባቴ ጠሩኝ።

"ድምፅሽ ጠፋ። አታጠኚም?"

"አልያዝ አለኝ።"

"ያ በዜማ ይዘሽው የነበረው?"

"አብሮ ሄደ።"

መቋሚያቸውን አዙረው አዙረው፣ "ጥፋቱ የኔም ነው" አሉ። "ጎጆ ስታፈርሺ ሰውየው የት እንደሚያድር አስቀድሞ ይታያል። አጎዛ አምጪና ተቀመጪ።"

"የት?"

"እዚህ። ከፊቴ።"

አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ ከዚያ ቦታ ተቀምጬ አላውቅም። አጎዛውን አነጠፍሁና ተቀመጥሁ።

"ዜማውን ለባለቤቱ ተይለት" አሉኝ። "ከዜማ በፊት ምን አለ? ንባብ አለ። ሕፃን ልጅ ፊደል ቆጥሮ ሲያበቃ በውርድ ንባብ ነው የሚይዘው። መውጫ መውረጃ አለው፣ ማረፊያ አለው፤ ዜማ ግን አይደለም። ንባብ ለሁሉ ነው፤ ደብዳቤም ይነበብበታል። በይ፣ ከመጀመሪያው።"

አንድ ሐረግ እላለሁ። እሳቸው በውርድ አካሄድ መልሰው ይሉታል። እከተላለሁ። "ማረፊያውን አትዝለይ።" እመለሳለሁ። "እንደ ገና።" እመለሳለሁ። ለተማሪዎቻቸው ሲሉት የኖሩትን ሁሉ ለእኔ አሉኝ፤ ሳያሳንሱ፣ ሳይጨምሩ።

ደቀ መዛሙርቱ አጥሩ ላይ ተኮለኮሉ። አንድ ጢማም ዲያቆን፣ "የኔታ አዲስ ተማሪ ተቀበሉ አሉ" አለ።

"ተቀብያለሁ" አሉ አባቴ።

"እንግዲያ እትዬ፣ እዚህ አዲስ ገቢ ነው ውኃ የሚቀዳው።"

"ስንት እንስራ?" አልሁ።

"ሁለት። ቁራሽ ልመናውን ግን እንምርሻለን፤ ውሻ ይነክስሻል።"

ቀዳሁ። እነሱ ቀልደው ነበር፤ እኔ ግን ደስ ብሎኝ ቀዳሁ። ሲያዩኝ አፍረው እንስራውን ተሻሙኝ።

ጠዋት ከቅዳሴ በኋላ እኔ ቀድሜ እቀመጣለሁ፤ እስከ እነሱ ጉባኤ ድረስ። የማያዩት አባቴ ከእኔ ቀድመው ይይዙት ጀመር። አንድ ቀን አንዱን አንቀጽ ጨርሼ ስተነፍስ፣ "ጎደለ" አሉኝ።

"አልጎደለም አባዬ።"

"ጎደለ። ትናንት ስትዪው ከመጨረሻው 'በሕግ በሌላ አኳኋን ካልተወሰነ በቀር' የሚል ነበረው።"

መጽሐፉን አየሁ። ነበረው።

"ይኼ ሕግሽ የሚገርም ነው" አሉ። "በቀኙ ይሰጥና 'በቀር' ብሎ በግራው ይወስዳል። ያቺን ቃል የጣለ ሰው ሁሉን ጣለ።"

ስለ ጋብቻ ዕድሜ ከሚናገረው ክፍል ስንደርስ ግን አልቀለዱም። አሥራ ስምንት ዓመት ያልሞላት አታገባም አልሁ፤ ቀጥሎ ያለውንም አልሁ። መልሰው አላሉትም። ደግሜ አልሁት።

"ይኼ ያኔ ቢኖር" አሉ በመጨረሻ፣ "እናትሽ ጥቂት ዓመት እቃቃዋን ትጫወት ነበር።"

ያን ቀን በዚያው አበቃን።

ወደ ቤቴ ስመለስ የቀረው አንድ ሳምንት ነው። ልጄ ፎቶ ኮፒ ቤት ወስዳ ኮምፒዩተር አስለመደችኝ። የማውሱን ነገር ገና አልቻልሁትም ነበር።

"እማዬ፣ ዶሮ ልታርጂ ነው እንዴ? ለምን ታንቂዋለሽ?"

"ካልያዝሁት ይሸሻል።"

"የሚሸሸው ስለምታንቂው ነው።"

ባለ ሱቁም፣ ወረቀት ሊያስገለብጡ የመጡትም አብረው ሳቁ። አንድ ሽማግሌ ግን ተቆጧቸው፤ "አሁን በዚህች ሴት ይሳቃል? እናንተ በሷ ዕድሜ ምን ልታውቁ!" ብለው። ይባርካቸው።

የፈተናው ዕለት ክፍሉ በኮምፒዩተር ተሞልቷል። ግራ ቀኜ የልጄ ታላቆች የሚሆኑ ወጣቶች ናቸው። አማተብሁና ጀመርሁ። ጥያቄው በእንግሊዝኛ ይመጣል፤ እኔ አንቀጹን በአማርኛ፣ በውርድ ንባብ ከሥሩ አንሥቼ፣ ከሚፈለገው ቦታ ስደርስ ቆሜ፣ ወደ እንግሊዝኛው እመለሳለሁ። ረጅም መንገድ ነው። ግን ይመጣል። አንድም አልጠፋም። የአባቴ "እንደ ገና" ሳይቀር ይሰማኛል።

ፈታኟ ወጣት አጠገቤ መጥታ ጎንበስ አለች።

"እናቴ፣ ከማን ጋር ነው የሚያወሩት?"

"ከራሴ ጋር።"

"ከንፈርዎ ይንቀሳቀሳል። ሰውነትዎም ይወዛወዛል። ታመዋል?"

"ደኅና ነኝ የኔ ልጅ። አመል ነው።"

"እንግዲህ በልብዎ ያድርጉት" አለችኝና ሄደች። ሁለቴ ግን ተመልሳ አየችኝ። አልፈርድባትም።

ሰዓቱ አልበቃኝም። የመጨረሻዎቹን ጥያቄዎች ለማንበብም አልደረስሁ፤ በእመቤቴ ስም እያልሁ አንዳንዱን ነካ ነካ አድርጌ ወጣሁ። ውጤቱ እስኪወጣ ወደ መስኮቴ ተመልሼ ቁጥር ሰጠሁ። ሰው አቤቱታውን ሲዘረጋልኝ ላነበው አልደፍርም ነበር፤ ካልተሳካ ማወቄ ምን ያደርግልኛል ብዬ። ከዚያ ይህም ክፉ ሐሳብ ነው ብዬ ማንበብ ጀመርሁ። አንዲት እናት የይግባኝ ጊዜዋ ሊያልፍባት ሁለት ቀን እንደቀረው አየሁ፤ ነገርኋትና ሮጣ አስገባች። ቢሳካም ባይሳካም ያ ቀን ብቻውን ይበቃኛል አልሁ። ቢሳካ ግን እወድ ነበር፤ አልዋሽም።

ውጤቱ የወጣ ዕለት ከተማው ኔትወርክ አልነበረውም። ባለቤቴ፣ "ሒሳብ ቢሆን በእጄ እሠራልሽ ነበር" አለኝ። ልጄ ስልኩንና የፈተና ቁጥሬን ይዛ ከከተማው በላይ ወዳለው ጉብታ ወጣች። እኔ አልተከተልኋትም። ቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላሙ ላይ ተቀመጥሁ። ጫማዋን በእጇ ይዛ እየሮጠች ስትመጣ አየሁ። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች ከሩቅ አልለይ አለኝ።

"እማዬ፣ አልፈሻል!"

"በደንብ እዪው።"

"ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ። ለጥቂት ነው ግን አልፈሻል። ይግባኝ የለውም!"

መሬቱን ሳምሁ። ልጄ አብራኝ ተንበረከከች፤ ሳልነግራት። እግዚአብሔር ይመስገን ከማለት በቀር አፌ ላይ ሌላ ቃል አልነበረም፤ አሁንም የለም።

ኔትወርኩ እንደተመለሰ ለጢማሙ ዲያቆን ደወልሁ። የአባቴ ስልክ እሱ ነው። እልል ሲል ሰማሁት፤ ሌሎቹም ተቀበሉት። ከዚያ ስልኩን ለአባቴ ሰጣቸው።

"አባዬ፣ አለፍሁ።"

"ስንቱን ሳትሽ?"

እንዲህ ነው የሚጠይቁት። ለማንም ተማሪ ስንቱን አወቅህ ብለው አያውቁም።

"ብዙ ስቻለሁ አባዬ። ለጥቂት ነው ያለፍሁት።"

"እሰይ። እግዚአብሔር ይመስገን" አሉ። ቀጥለውም፣ "በይ የሳትሽውን ይዘሽ ነይ። እናርመዋለን" አሉኝ።

ኮምፒዩተሩ ስንቱን እንዳገኘሁ ነው የነገረኝ፤ የትኛውን እንደሳትሁ አልነገረኝም። አዲሱን ሥራዬን ከመጀመሬ በፊት አምስት ቀን ፈቃድ ጠየቅሁ። መጽሐፎቹን በሙሉ በጆንያ አድርጌ ወደ ቤተ ልሔም ሄድሁ።